የእትዬ የሻረግ ጉልበት

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። አባ ፊት ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬዋለሁ። ፈርቼ ብቻ አይደለም። አባ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው። «ጨዋታ እኮ ነው ልጄ፣ ለጨዋታ ደግሞ ምን ንስሐ አለው» ብለው ያቀሉልኛል። እኔ ደግሞ እንዲቀልልኝ አልፈልግም። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም፣ ልታዝኑልኝም ግዴታ የለባችሁም።

ጨዋታ ነበር፤ እሱስ እውነት ነው። አራት ነበርን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር፣ ከሰሎሞን ቤት እንሰበሰባለን። ሰሎሞን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ያስተምራል፤ ጨዋታውን ያመጣብንም እሱ ነው። አንዱ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ ጠላቱን ከራሱ ይፈጥራል። የቀሩት አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሌባ፣ አንዷ መድኃኒተኛ ሆነው በተረቱ ውስጥ ይኖራሉ። «በሩን እሰብራለሁ» ይላል አንዱ፤ ቁጥር የተጻፈበትን ዳይስ ይወረውራል፤ ቁጥሩ ከበቃው በሩ ይሰበራል፣ ካልበቃው ትከሻው ይወልቃል። የትልልቅ ሰዎች ዕቃቃ በሉት።

ተራኪው እኔ ነበርኩ። በሥራዬ ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ቀዳዳ መድኃኒት እያቀበልኩ «በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ» ስል የምውል ሰው ነኝ። እሑድ ግን ዓለም የምፈጥረው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ሰው እንኳ ከአፌ ቃል ሲጠብቅ ማየት እንዴት እንደሚጥም አትጠይቁኝ። ወታደሩ ሀብታሙ ነበር፤ የመንገድ መሐንዲስ ነው። መድኃኒተኛዋ ትርንጎ ነበረች፤ እውነተኛ ሥራዋም ያው ነው፣ እኔ ባለሁበት ሆስፒታል ነርስ ነበረች። ሀብታሙና ትርንጎ ሊጋቡ ነበር።

የእኔ ችግር ሰሎሞን ነበር። ጨዋታው ትልቅ መጽሐፍ አለው፤ የጭራቅ ዘር ሁሉ ከነጠባዩ ተጽፎበታል። ሰሎሞን ደግሞ የታወቁትን ሁሉ ከኢንተርኔት አጥንቷቸዋል። ገና «ከዋሻው አረንጓዴ ቆዳ ያለው...» ስል «እሳት ነው የሚገድለው» ይላል። «ሰማዩ ጠቆረ፣ ትልቅ ክንፍ...» ስል «ሆዱ ሥር ውጉት» ይላል። ሀብታሙ በሳቅ ይፈርሳል። ትርንጎም ትስቃለች፤ «ምነው አንተ፣ ለሰሎሞን ፈተናውን አስቀድመህ ነው እንዴ የምትሰጠው?» ትለኛለች። እልህ ያዘኝ። እስቲ አሁን ይህ እልህ የሚያስይዝ ነገር ነው? ለእኔ ነበር። ሲፈሩ ላያቸው ፈለግሁ።

ከመጽሐፉ መጨረሻ ማንም የማያነባቸው ዘሮች አሉ። ሥዕል እንኳ የላቸውም፤ ቢበዛ ግማሽ ገጽ ነው የተሰጣቸው። ስማቸውን የሰማ የለም፤ ስለዚህ በምን እንደሚሸነፉ የሚያውቅም የለም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እኔም ሰው ከማያውቀው ገጽ ጠላት አምጥቼ ልኮራበት ተነሣሁ። ጋርሞች የሚባሉ አገኘሁ። የተጻፈላቸው ይህ ብቻ ነበር፤ ቀን ከሰው ጋር ተመሳስለው ይውላሉ፣ ጭቃ ይሠራሉ፣ ሲመሽ ሌላ ይሆናሉ። ምን እንደሚሆኑ አልተጻፈም። ምልክታቸውም አልተጻፈም። የቀረውን እኔ ሞላሁት።

ከየት ሞላሁት? ኃጢአቴ ይኸው ነው።

ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ጤፍ ልገዛ ማክሰኝት ወርጄ ነበር። ጤፉን አስጭኜ ልመለስ ስል፣ ከገበያው ዳር፣ ሸክላ ሻጮች ለብቻቸው ከሚቀመጡበት፣ ትርንጎን አየኋት። መሬት ላይ ተቀምጣ ድስትና ማሰሮ ትሸጣለች። አጠገቧ እናቷ አሉ። ለእኛ «እናቴ ገበሬ ናት» ነበር ያለችን።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የጎንደር ሰው አይጠይቀኝም። ከሌላ አገር ለሆናችሁ ግን ልንገራችሁ። ሸክላ የሚሠራ ሰው እኛ ዘንድ ጠይብ ይባላል። ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ይባላል። በሠራው ድስት እንበላለን፣ በሠራው ማሰሮ ውኃ እንቀዳለን፣ ልጃችንን ግን አንድርለትም። ተምረን፣ ነጭ ጋውን ለብሰንም አንድርለትም።

ትርንጎ አልተደበቀችም። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና «እማ፣ ይህ የሥራ ጓደኛዬ ነው» አለች። እናቷ እትዬ የሻረግ ይባላሉ። ቤታቸው ቅርብ ነበርና ይዘውኝ ገቡ፤ ሽሮ ከነድስቱ እየተንተከተከ ቀረበልኝ። በላሁ። እትዬ የሻረግ ከፊቴ ተቀምጠው አፌን አፌን ያያሉ። «ከቤቴ ገብቶ የሚበላ እንግዳ ካየሁ ስንት ዘመኔ!» አሉና ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይከድናሉ፤ ጥፍራቸው ሥር ታጥበውትም ያልለቀቀ ጭቃ አለ። ሲነሡ አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። ጉልበታቸውን እያሹ «አየ ልጄ! ማታ ማታ ጅብ ትሆናለች ይሉኛል» አሉኝ። «ይህ ጉልበቴ በሁለት እግር እንኳ ገበያ አላደርስሽ ብሎኝ፣ በአራት እግር የት አባቴ ልሮጥ ነው?»

ሳቅሁ። ከልቤ ሳቅሁ። ሲሸኙኝ ትንሽ ድስት ሰጡኝ። ትርንጎ እስከ መኪናው ሸኘችኝና «ለሀብታሙ ራሴ እነግረዋለሁ። ፋሲካ ይለፍ ብዬ ነው። እስከዚያ አንተ ብቻ ዝም በልልኝ» አለችኝ። «እናቴ ትሙት ከአፌ አይወጣም» አልኳት።

ማልኩ። እናቴን ጠርቼ ማልኩ። የማልኩትን ደግሞ አልተናገርኩም፤ ለማንም «የትርንጎ እናት ጠይብ ናቸው» አላልኩም። ተረት አደረግሁት።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ በአንዱ እሑድ፣ ከተራራ ሥር ያለች አንዲት መንደር ፈጠርኩ፤ ሕፃናቷ እየታመሙ የሚያልቁባት። አንዲት ጋርም ከመካከሏ ተሸሽጋለች፣ ፈልጋችሁ ድረሱባት አልኳቸው። ቡዳ የሚለውን ቃል አልተነፈስኩም። ጅብም አላልኩም። ስሙን ስቀይረው ነገሩ የሚታጠብ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ምልክቶቹን አንድ አንድ ጣልኩላቸው። ጥፍሯ ሥር የማይለቅ ጭቃ አለ አልኩ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች፣ የገጠጠ ጥርሷ እንዳይታይባት። እንግዳ ሲበላ አፉን ታያለች። ለምትፈልገው ሰው ትንሽ ድስት ሰጥታ ትሸኘዋለች፤ በዚያ ድስት የበላ ይታመማል።

ሰሎሞን ይህችን አላወቃትም። ዳይሱን በመዳፉ ጨብጦ ወደ እኔ ሲጠጋ አየሁት። አቤት ደስ ሲለኝ! ለምን እዋሻችኋለሁ፣ ሆዴ ድረስ ሞቀኝ። ትርንጎስ? ትርንጎን አላየኋትም። አላየኋትም ማለቴ ላለማየት ፊቴን መለስኩ።

ሀብታሙ በወታደሩ አፍ «እሺ፣ እርግጠኛ የምንሆነው በምንድን ነው?» አለ።

«ጉልበቷን እዩ» አልኩ። «ቀን ታነክሳለች። ሌሊት በአራት እግሯ ስትሮጥ ስለምታድር ነው።»

የእትዬ የሻረግን ቀልድ። ሊያስቁኝ ብለው የነገሩኝን፣ በላያቸው ላይ የሚወራውን ሁሉ በአንድ ሳቅ ያፈረሱበትን ቀልድ። ገልብጬ ማስረጃ አደረግሁባቸው።

ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። «ካልሆነችስ?» አለች። ድምጿ የጨዋታ ድምፅ ነበር፤ ሌሎቹ ምንም አልጠረጠሩም። «እንዲያው አሮጊት ብቻ ብትሆንስ? ጉልበቷን ያመማት አሮጊት?»

መመለስ የሚቻለው እዚህ ላይ ነበር። በዚያ ጨዋታ ተራኪው ነው ካለ ነው፣ አይደለም ካለ አይደለም። «አይደለችም፣ ተሳስታችኋል፣ ሕፃናቱን የፈጀው የጉድጓዱ ውኃ ነው» ብል ማን ይከለክለኝ ነበር? ሸጋ ተረትም ይወጣው ነበር። እሷም የለመነችኝ ይህንኑ ነው፤ ሰው ፊት፣ ማንም ሳያውቅባት፣ በጨዋታ ቋንቋ ለመነችኝ። ገብቶኛል። አልገባኝም ነበር አልልም፣ እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። ሰሎሞን ግን አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነበር።

«ነች» አልኩ።

ሀብታሙ ዳይሱን ወረወረ፤ ቁጥሩ በቃው፤ ቤቷን ከነነፍሷ አቃጠለ። ሰሎሞን አጨበጨበ፣ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለኝ። ትርንጎ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ስትወጣ ቦርሳዋን አንሥታ «ደኅና ዋሉ» አለች፣ ለሁላችን በጅምላ። በሚቀጥለው እሑድ ተረኛ ነኝ ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ፋሲካ አለፈ። በአፏ መናገር አቃታት መሰለኝ፤ እንዴት አያቅታት? ሀብታሙን ይዛው ማክሰኝት ወረደች፣ አይቶ ይወቅ ብላ። በማግስቱ እኔ ያለሁበት መስኮት ላይ መጣ። ከኋላው በሽተኛ ተሰልፏል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩት።

«ጥፍራቸው። አሳሳቃቸው። ድስት ሰጡኝ፣ ትንሽ ድስት። ደግሞ በጉልበታቸው ቀለዱ፤ በአራት እግር ልሮጥ ነው ወይ ብለው። ትርንጎ ሳቀች። እኔን ላብ አጠመቀኝ።» ዝቅ ብሎ በመስኮቱ ቀዳዳ አፉን አስጠጋ። «ስማ፣ ጠይብነታቸው አይደለም። ለአጎቶቼ አላንስም ነበር፤ እጣላቸው ነበር። ግን ሴትዮዋን ባየሁ ቁጥር ያቺ ያንተ ጋርም ትመጣብኛለች። አሁን ደግሞ ትርንጎ ስትስቅም ትመጣብኛለች። ምን ይሻለኛል?»

ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ፣ አያችሁ? «ከእሳቸው የሰረቅሁት ነው፤ አንተን ሊያስፈራህ የመጣው እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉም» ብል ኖሮ፣ ይህ ሰው እየሮጠ ይመለስ ነበር። ሊሰማው የፈለገው ይህን ብቻ ነበር። እኔ ግን ያን ብል ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ያውቃል። «ተው እንጂ ሀብታሙ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አልኩት። አላውቅም ነበር ማለቴ ነው። ከዚያ የሚቀጥለውን በሽተኛ ወረቀት ተቀበልኩና «በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ» አልኩ።

ጋብቻው ፈረሰ። ሀብታሙ ለዘመዶቹ ምክንያት መስጠት ነበረበት፤ ሰጠ፣ የእትዬ የሻረግን ጉልበት ነገር ጭምር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አጎቱ ማክሰኝት ለሚነግድ ወዳጁ አወራ፣ ወዳጁ ለገበያው አወራ። ጠይብነታቸውንማ ጎረቤት ድሮም ያውቃል፤ ቡዳ ይላል፣ ይፈራል፣ ግን ችሎ ኖሯል። አዲስ የገባው ጉልበታቸው ነው። «ቀን የምታነክሰው ለካ ለዚያ ኖሯል!» ይል ጀመር ሰው። ያን ንግግር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቁስቋም፣ የሰሎሞን ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ልጅ ለማስፈራራት እንኳ ሳይሆን ለጭብጨባ ብዬ ፈጠርኩት።

ክረምት ላይ የጎረቤት ሕፃን ታመመ። መጥተው እትዬ የሻረግን ከቤታቸው አወጧቸው። ልማዱን ታውቁት ይሆናል፤ የበላው ቡዳ በሕፃኑ ላይ እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል። «እንትፍ በይበት! ልቀቂው!» እያሉ ጎተቷቸው። እሳቸውም እንትፍ አሉ። ሲመልሷቸው አንዱ ገፈተራቸው፣ በዚያው ጉልበት ወደቁ። ያ ጉልበት ከዚያ ወዲያ ገበያ አልወጣም። የሕፃኑ በሽታ ወባ ነበር፤ በመድኃኒት ዳነ። መንደሩ ግን ምራቋ ነው ያዳነው አለ፤ ስለዚህ የበላችውም እሷ ናት ማለት ነው።

ይህን የነገረችኝ ትርንጎ ናት፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ድምጿን ሳታነሣ። ሲያበቃ «ጉልበቷን ማን እንደነገራቸው አታውቅም አይደል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ምነው በሰደበችኝ! ራሷን ነቀነቀችና ወደ ክፍሏ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ወደ አዲ አርቃይ ተዛወረች። እናቷ ግን ቤቴን ትቼ የት ልሂድ ብለው እዚያው ቀሩ።

እስካሁን የነገርኳችሁን ሰምታችሁ፣ ይህ ሰው ክብር ፈላጊ ነበር፣ ቂል ነበር፣ ክፋቱን አላወቀም ልትሉ ትችላላችሁ። አትበሉ። ገና አልጨረስኩም። ሽሮ የበላሁ ዕለት፣ ከማክሰኝት ስመለስ፣ አመሻሽ ላይ ሆዴን ቆረጠኝ። እናቴ ደንግጣ «የት በላህ? የማን ዓይን ነው?» አለች። የት እንደበላሁ አልነገርኳትም። ጤና አዳም አሽታ ከአፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። እኔ ፋርማሲስቱ፣ እኔ ባለ ዲግሪው፣ ኪኒኔን ውጬ ነበር። ግን ያን ጤና አዳም ሳብኩት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ልቤ እየፈራ፣ እስከ ሳንባዬ ድረስ ሳብኩት። በበነጋው ያን ትንሽ ድስት አውጥቼ ጣልኩት።

ገባችሁ? ጋርሟን ከመጽሐፍ አላገኘኋትም። መጽሐፉ ባዶ ነበር። ባዶው ላይ የጻፍኩት የማምነውን ነው። ትርንጎ «ካልሆነችስ?» ስትለኝ «ነች» ያልኩት ለሰሎሞን ብቻ ብዬ አይደለም። ነች ብዬ አምኜ ነበር። ከቤታቸው ገብቼ፣ ሽሯቸውን በልቼ፣ በቀልዳቸው ከልቤ ስቄ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ አምኜ ነበር።

በዓመቱ ማክሰኝት ሄድኩ። ልነግራቸው። ከሰው የተጣላ እንደሚያደርገው ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ከእግራቸው ሥር ልወድቅ፣ በመንገድ ሁሉ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ይጩህ፣ ጨርሶ ዝም ከሚል ይሻላል እያልኩ። ከበራቸው ስደርስ ድንጋይ አላነሣሁም። ሰው ያየኛል ብዬ አፈርኩ።

እትዬ የሻረግ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ እግራቸውን ዘርግተው። ድምፄን ሲሰሙ አወቁኝ። «አንተ ያ ከድስቴ የበላኸው ልጅ አይደለህም? ምነው ጠፋህ፣ ምነው?» አሉ። ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ። «የልጄ ጓደኛ የተባለ ሁሉ ቀረ፤ አንተ ብቻ መጣህ። እግዜር ያክብርህ!» ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ተው ቁጭ በል፣ ባዶ አፍህንማ አትወጣም» ብለው ተነሡ። በዱላ ተደግፈው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ ያን እግር እየጎተቱ ወደ ጓዳ ገቡ። ልርዳዎት ስል እምቢ አሉኝ። እርጎ በሸክላ ዋንጫ ሞልተው፣ እንዳይፈስ እያዩት፣ ቀስ እያሉ መጡ።

«እንካ ልጄ» አሉኝ።

እጄ ዘገየ። ብዙ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢሆን አያይም ነበር። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን የሰው እጅ ሲዘገይባቸው ያዩ ናቸው። የእኔንም አዩት። ፊታቸው ላይ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሊቆጡኝ የሚገባቸውን ያህል አልተቆጡኝም። ዋንጫውን ወደ ደረታቸው መለሱ። «ውይ፣ እኔን!» አሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው። «ለካ ጾመኛ ነህ። ረስቼው እኮ ነው፣ ጾም ነው ለካ ዛሬ።»

ይቅርታ አልጠይቅም። ማንን ብዬ እጠይቃለሁ? የምጠይቃቸው ሴት ከፊቴ ቆመው፣ በታመመ እግራቸው ቆመው፣ እኔን ከሐፍረት ሊያወጡኝ ውሸት ፈልገው ሲሰጡኝ፣ ማድረግ የነበረብኝ ያን ዋንጫ መቀበልና መጠጣት ብቻ ነበር። ሌላ ምንም አልተጠየቅሁም።

ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ እሮብ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ክርስቲያን የሆነ ሁሉ አይጾምም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«አዎ እትዬ» አልኩ፣ «ጾመኛ ነኝ።»